የጠፋው መረብ የት እንዳለ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው

ባሕር ውስጥ ስለሚቀሩ የዓሣ መረቦች የሚያወራ ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ ካጋጠማችሁ አንድ ቁጥር ሳታዩ አልቀራችሁም። በየዓመቱ 640,000 ቶን የዓሣ ማጥመጃ ባሕር ውስጥ ይቀራል ይላል። ከዘመቻ ፖስተር እስከ መንግሥት ሰነድ ያልገባበት የለም። ሥሩን ሲከታተሉት ግን የሚያስገርም ነው። በ1975 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በዓመት ወደ ባሕር የሚጣለው ቆሻሻ 6.4 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው ብሎ ገመተ። (እዚህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2009 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ማለትም ፋኦ፣ ከተመድ የአካባቢ ፕሮግራም ጋር አንድ ሪፖርት አወጣ። የጠፋ ማጥመጃ ከባሕሩ ቆሻሻ ከ10 በመቶ በታች ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት በደምሳሳው ሰፈረበት። ሁለቱ ተባዙና 640,000 ተወለደ። በ1970ዎቹ ግምት ላይ ሌላ ግምት ተደርቦበት ነው እንግዲህ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው።

ይህን ያነሳሁት ችግሩ ተጋነነ ለማለት አይደለም። ማንም በቅጡ ሳይቆጥረው ብዙ ዓመት ማለፉን ለማሳየት ነው። የተሻለው ግምት የመጣው በ2022 ነው። በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት በሰባት አገሮች ውስጥ 450 ያህል ዓሣ አጥማጆችን ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ባለፈው ዓመት ምን ጠፋባችሁ? ከመልሶቹ ተነስተው ለዓለም ሲያሰሉት፣ በዓመት ከሁሉም ማጥመጃ ወደ 2 በመቶ የሚጠጋው ይጠፋል። ትንሽ ይመስላል። ወደ ዕቃ ሲመነዘር ግን ከ25 ሚሊዮን በላይ ወጥመዶች፣ ወደ 740,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ብዙ መንጠቆ የሚንጠለጠልበት ዋና ገመድ፣ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጊልኔት ይሆናል። ጊልኔት የሚባለው ውኃ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዓሣውን በስንጥቡ የሚይዘው መረብ ነው። ገመዱ ብቻ ምድርን 18 ጊዜ ይዞራል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይህ መረጃ ከሳተላይትም ከጠላቂም አልተገኘም። የተገኘው አጥማጆቹን በመጠየቅ ነው። የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቁልፍም እዚያው ያለ ይመስለኛል። መረብ ሲጠፋ የት እንደጠፋ፣ መቼ እንደጠፋ፣ ስንት ሜትር እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው፤ የጠፋበት አጥማጅ። እሱ ዝም ካለ የቀረው ፍለጋ ሁሉ በጭለማ መዳበስ ነው።

የጠፋ መረብ እንዲህ የሚያሳስበው ቦታ ስለያዘ ብቻ አይደለም። ሥራውን አያቆምም። ድሮ መረብ ከጥጥና ከቃጫ ነበር የሚሠራው፤ ውኃ ውስጥ ከርሞ ይበሰብሳል። ከ1950ዎቹ ወዲህ ግን ናይለንና ሌሎች ሰው ሠራሽ ክሮች ቦታውን ያዙ። ርካሽ ናቸው፣ ቀላል ናቸው፣ አይበሰብሱም። አጥማጁ የወደደላቸው ይህ ጠባይ ሲጠፉ መልሶ ጠላት ይሆናል። ወጥመድ ደግሞ ይባስ። የገባው ሸርጣን መውጫ አጥቶ ይሞታል። ሬሳው ለሌላው ማባበያ ይሆናል። ያኛውም ገብቶ ይሞታል። ማንም ሳያጎርሰው ወጥመዱ ራሱን በራሱ እየቀለበ ይቀጥላል።

ሆኖም የጠፋ መረብ ሁሉ ለዘላለም ይገድላል የሚባለው እውነት አይደለም። ብዙ ዘመቻዎች ይህን ማንሳት አይወዱም፤ ለመፍትሔው ግን ትልቅ ቦታ አለው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ማዕበል መረቡን ይጠመዝዘዋል፣ አልጌና ትንንሽ የባሕር እንስሳት ይለብሱታል፣ ዓሣም አይቶት ይርቃል። በደቡብ አውሮፓ ዳርቻ ሆን ተብለው የተተዉ መረቦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የመያዝ አቅማቸው በወራት ውስጥ ወደ ምንም ተጠግቷል። ጥልቅና ቀዝቃዛ ውኃ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ማዕበል አይደርስም፣ ብርሃን ስለሌለ የሚበቅል ነገር የለም። በኖርዌይ ዳርቻ ግሪንላንድ ሀሊቡት የሚባል ዓሣ በሚጠመድበት ጥልቀት የተደረገ ጥናት፣ መረቡ ከ45 ቀን በኋላም የአዲሱን ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህል ይይዝ እንደነበር አሳይቷል። ያ ደግሞ ዓመታት ሊዘልቅ ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብዙው ጉዳት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ጠላቂ ልኮ በዛጎል የተሸፈነ መረብ ማውጣት ለፎቶ ያምራል። ዓሣው ግን ካለቀ ቆይቷል። እንዲያውም ኮራል ወይም ሌላ ሕይወት የወረሰውን አሮጌ መረብ ጎትቶ ማውጣት ከመተዉ የበለጠ ሊያበላሽ ይችላል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለመጠቀም ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ወደዚያ አንድ ሰው እንመለሳለን ማለት ነው።

መረብ የሚጠፋው በግዴለሽነት ነው የሚል አመለካከት አለ። እርግጥ የሚጥልም አይጠፋም። ግን እስቲ አስቡት፤ መረብ ብር ነው። ለትንሽ ጀልባ ባለቤት የአንድ ወቅት ትርፍ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። ማን ጅል ነው ገንዘቡን ሆን ብሎ ባሕር ውስጥ የሚጥለው? ምክንያቶቹን ስታዩ አብዛኛው ሌላ ነው። ማዕበል ይነሳል። መረቡ ከአለት ወይም ከሰጠመ መርከብ ጋር ይያያዛል። የሚያልፍ መርከብ ማሽከርከሪያ የወጥመዱን ተንሳፋፊ ምልክት ገመድ ይቆርጠዋል፤ ምልክቱ ሲሄድ ከሥር ያለው ወጥመድ ባለቤቱን አጣ ማለት ነው። የባሕሩን ወለል እየጎተተ የሚያጠምድ ትልቅ መርከብ፣ ሌላው ዘርግቶት በሄደው መረብ ላይ ያልፋል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም በላይ የሚያናድድ ነው፤ ምክንያቱም በንግግር የሚፈታ ነገር ነው። ሁለቱ ወገኖች የትኛው ቦታ፣ በየትኛው ወር፣ የማን እንደሆነ ቢስማሙ፣ ወይም መረብ ዘርጊው ያለበትን ነጥብ በሬዲዮ ቢያሳውቅ ብዙው ይቀራል። ቴክኖሎጂ አይፈልግም።

ሌላው ምክንያት ከሚቻለው በላይ መዘርጋት ነው። አንድ ጀልባ በቀን ማንሳት የሚችለው 200 ወጥመድ ሆኖ 500 ከዘረጋ፣ አየሩ ሲከፋ የሚቀረውን መገመት አያቅትም። የወጥመድ ቁጥር ገደብ ብዙ ጊዜ የሚወራው ዓሣ ሀብት ከመጠበቅ አንጻር ነው። መጥፋትን ከመቀነስ አንጻርም ከምንም በላይ የሚሠራ ሕግ ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ሕጉ። ማርፖል የሚባለው፣ መርከቦች ባሕርን እንዳይበክሉ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት አምስተኛ አባሪው ከታኅሣሥ 31 ቀን 1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ማንኛውንም ፕላስቲክ፣ የዓሣ መረብና ገመድ ጨምሮ፣ ከመርከብ ወደ ባሕር መጣል ይከለክላል። ተገቢው ጥንቃቄ ሁሉ ተደርጎ በድንገት የጠፋ ማጥመጃ ግን ከክልከላው ውጭ ነው። ለአካባቢ ወይም ለመርከብ ጉዞ ትልቅ አደጋ የሚሆን ከሆነ ደግሞ መርከቡ ለተመዘገበበት አገር ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ የጠፋው በሌላ አገር ውኃ ውስጥ ከሆነ ለዚያም አገር። ወረቀት ላይ ሸጋ ነው። ችግሩ በተግባር ነው። አጥማጁ ሬዲዮ አንስቶ «መረብ ጠፋብኝ» ቢል ቀጥሎ የሚመጣውን ያስባል። ጥንቃቄ አድርገሃል? የተፈቀደልህ መጠን ስንት ነበር? እዚያ ቦታ ምን ትሠራ ነበር? እንዲህ ያለ ምርመራ የሚጠብቀው ሰው ምርጫው ግልጽ ነው። ዝም ጭጭ።

ይህን ያስተዋሉ አንዳንድ ቦታዎች ሕጉን ገልብጠውታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ያወጣው የዓሣ ቁጥጥር ደንብ እንዲህ ብሎ ደነገገ፦ ማጥመጃው የጠፋበት ካፒቴን በተቻለ ፍጥነት ለማውጣት ይሞክር፤ ካልቻለ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቅ። የምወዳት አንቀጽ ከዚያ በኋላ ያለችው ናት። ባለሥልጣናት አንድ መረብ አውጥተው ባለቤቱ መጥፋቱን አሳውቆ እንዳልነበር ካወቁ፣ ያወጡበትን ወጪ ሊያስከፍሉት ይችላሉ። ካሳወቀ ግን ያ ዕዳ አይመጣበትም። ያለ ብዙ ስብከት መናገር ከዝምታ ይረክሳል ማለት ነው።

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ፒውጀት ሳውንድ በሚባለው የባሕር ክንድ ውስጥ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። ኖርዝዌስት ስትሬትስ የተባለው ድርጅት ከ2002 ጀምሮ ጠላቂዎች እያሰማራ ከ5,800 በላይ አሮጌ መረቦችን አወጣ። ብዙዎቹ የሳልሞን ሥራ በደራበት በ1970ዎቹና 80ዎቹ የጠፉ ነበሩ። ትልቅ ሥራ ነው። ግን አሮጌውን እያወጡ አዲሱ ከተተካ የት ይደረሳል? በ2012 ግዛቱ የጠፋ መረብ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲነገር የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ጎን ለጎን ስላሳወቀ የሚቀጣ የለም፣ መረቡንም ለማውጣት አጥማጁ አይከፍልም የሚል አሠራር ተዘረጋ። ስልኩ ሲደወል ጀልባና ጠላቂ ይላካል።

ኖርዌይ ከሁሉም ቀድማለች። የዓሣ ዳይሬክቶሬቱ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በየዓመቱ መርከብ ተከራይቶ የጠፉ መረቦችን ከጥልቁ ይለቅማል። መሣሪያው የሚራቀቅ አይደለም፦ ከመርከቡ ኋላ በወለሉ ላይ የሚጎተት ባለ ብዙ ሜንጦ ብረት። ሥራው የሚሳካው መርከቡ ባሕሩን በሙሉ ስለሚያስስ ሳይሆን የት መጎተት እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው። የሚያውቀውም አጥማጆች የጠፋባቸውን ቦታ ስለሚናገሩ ነው። እዚያ አገር ማጥመጃ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ ራሱ መፈለግ፣ ካላገኘ ማሳወቅ ግዴታው ነው። እስካሁን የወጡት መረቦች ከ20,000 ይበልጣሉ።

ማውጣት ያዋጣል ወይ? ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይበልጣል። በ2008 በዚያ አካባቢ የሰማያዊ ሸርጣን ምርት ስለወደቀ የቨርጂኒያ ግዛት የክረምቱን የሸርጣን ማጥመድ ዘጋች። ሥራ የፈቱ አጥማጆች ነበሩ። ለዚህ ውድቀት ማካካሻ ከመጣው የፌዴራል ገንዘብ የተወሰነው ለእነሱ የጎን ሶናር፣ ማለትም በድምፅ የባሕሩን ወለል የሚያሳይ መሣሪያ፣ ገዛና በየክረምቱ የጠፉ ወጥመዶችን እንዲያወጡ ቀጠራቸው። እስከ 2014 ድረስ 34,408 ወጥመዶች ወጡ። በኋላ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ሲሠሩት፣ ይህ ማጽዳት ባይኖር ኖሮ ሊያዝ ከሚችለው 27 በመቶ የበለጠ ሸርጣን ተይዟል። ዋጋው 21.3 ሚሊዮን ዶላር።

ይህ ትርፍ ከየት መጣ? ሁሉም ሰው የሚገምተው ወጥመዱ ውስጥ ይሞት የነበረው ሸርጣን ስለተረፈ ነው ብሎ ነው። እሱ አንዱ ብቻ ነው። የጠፋው ወጥመድ ከሚሠራው ጎን ተቀምጦ ይፎካከረዋል። ሸርጣኑ ወደ ሁለቱም ይሄዳል። ባለቤት ያለው ወጥመድ ባዶውን ይነሳል። የጠፋው ሲወጣ የቀሩት የበለጠ ይሞላሉ። ማለትም ማጽዳቱ ለተፈጥሮ የተደረገ ጽድቅ ብቻ አልነበረም፣ ለአጥማጁ ኪስም ነበር። ሌላው ምስጢር ቦታ መምረጣቸው ነው። ባሕረ ሰላጤውን በሙሉ ሊያጸዱ አልሞከሩም። ብዙ ሥራ ወደሚሠራበት፣ ብዙም ወደጠፋበት ሄዱ። ያንን ቦታ ደግሞ ከነሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ከማውጣቱ በፊት የሚመጡ ቀላል መከላከያዎችም አሉ። የምወደው የጥጥ ክር ነው። በበርካታ የአሜሪካና የካናዳ የሸርጣን ሥራዎች ላይ ወጥመዱ አንድ በር እንዲኖረውና ያ በር በሚበሰብስ ክር እንዲታሰር ሕግ ያዛል። ወጥመዱ ከጠፋ ክሩ በወራት ውስጥ ይበሰብሳል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሸርጣኑ ይወጣል። ዋጋው ምንም ነው። ግን ወፍራም ክር ያሰረ ወይም በናይለን የተካ ሰው ካለ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ መቆጣጠር ያለበት አካል ወደብ ላይ ቆሞ ክር ማየት አለበት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ለዚህ ይሆናል ብዙ የማይወራለት።

መረቡን በሙሉ በሚበሰብስ ነገር የመተካት ሐሳብም አለ። ደቡብ ኮሪያ ፒቢኤስ በሚባል የሚበሰብስ ፕላስቲክ የተሠሩ መረቦችን ለአጥማጆቿ በድጎማ ስታቀርብ ቆይታለች። ኖርዌይም ተመሳሳይ መረብ በኮድ ዓሣ ላይ ሞክራለች። ውጤቱ ድብልቅልቅ ነው። በኖርዌይ ሙከራ የሚበሰብሰው መረብ ከናይለኑ ያነሰ ዓሣ ይዟል፣ ቶሎም ደክሟል። ትንሽ የሚይዝ፣ ውድ የሆነ፣ ቶሎ የሚያረጅ መረብ በራሱ ፈቃድ የሚገዛ አጥማጅ ማግኘት ይከብዳል። ደቡብ ኮሪያ በ2024 የጀመረችው ሌላ ነገር ግን የተሻለ ተስፋ ያለው ይመስለኛል፦ ማስያዣ። ወጥመድ ሲገዛ ትንሽ ገንዘብ ይያዛል፣ አሮጌውን ሲመልስ ገንዘቡ ይመለሳል።

ማስያዣው የሚነካው ቦታ ወደቡ ነው፤ ብዙ አገር የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው። ያረጀ መረብ ይዞ የመጣ አጥማጅ የሚጥልበት ቦታ ከሌለው ወይም ለመጣል ክፈል ከተባለ፣ ከወደቡ ትንሽ ራቅ ብሎ ማንም በማያየው ቦታ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ያወጣው የወደብ መመሪያ ለዚህ መላ አበጀ። መርከብ ቆሻሻ ቢያወርድም ባያወርድም አንድ ዓይነት ክፍያ ይከፍላል። እየሠራ ሳለ መረቡ ውስጥ የገባለትን የሌላ ሰው ቆሻሻም በነጻ ያወርዳል። መጣል ትርፍ የለውም ማለት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላ መመሪያ ደግሞ ፕላስቲክ ያለበት ማጥመጃ የሚሠሩ ድርጅቶች የመሰብሰቢያውን ወጪ እንዲሸከሙ ያዝዛል።

ከአሮጌ መረብ ስለሚሠሩ መነጽሮችና ጫማዎች የሚወራውን በጥርጣሬ ነው የማየው። ናይለን 6 የተባለው ዓይነት በእርግጥ ፈርሶ እንደ አዲስ መሠራት ይችላል፣ የሚሠሩት ፋብሪካዎችም አሉ። ግን ፋብሪካ የሚፈልገው ንጹሕና አንድ ዓይነት የሆነ መረብ ነው። ያ የሚገኘው ወደብ ላይ ከሚመለስ አሮጌ መረብ ነው። ከባሕር ወለል የወጣው በአሸዋ፣ በዛጎል፣ በእርሳስና በሌላ ገመድ ተተብትቦ ይመጣል። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ቆሻሻ መጣያ ነው። ሰው ግን ጫማውን ሲገዛ የባሕር ኤሊ ያዳነ ይመስለዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው ባለቤቱ ለመናገር ፈቃደኛ ከሆነ ነው። የማይሠራባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ ቱና የሚያጠምዱ ትልልቅ መርከቦች የሚለቋቸው ተንሳፋፊ መሳቢያዎች ናቸው። ከሥራቸው መረብ ወይም ገመድ የተንጠለጠለ፣ ላያቸው ላይ በሳተላይት የሚገናኝ መሣሪያ ያለ ተንሳፋፊ ነገር ነው። ዓሣ ከሥሩ ይሰበሰባል፣ መርከቡም መጥቶ ይወስዳል። እዚህ ላይ የት እንዳለ አለማወቅ ችግር አይደለም። ኩባንያው በየሰዓቱ ያያል። ነገር ግን መሳቢያው ከማጥመጃ ቦታው ርቆ ሲሄድ መከታተል ገንዘብ ነው፤ መሣሪያውን ከሩቅ ያጠፉታል። ከዚያ በኋላ ኮራል ላይ ሲወጣ የማንም አይደለም። በሲሸልስ በ2016 የተጀመረ አንድ ሥራ መረጃውን ለማጋራት ሞክሯል። መሳቢያው ወደ ደሴቶቹ ሲጠጋ መልእክት ይላካል፣ እዚያ ያሉ ሰዎችም ሳያርፍ በፊት በጀልባ ሊይዙት ይሞክራሉ። ሲላክ ጥሩ ነው። ሥራውን እንዲያቆም የተደረገ መሣሪያ ግን መልእክት አይልክም። መሣሪያውን ያለ ምንም ወጪ ማጥፋትን የፈቀደ ሕግ እያለ በጎ ፈቃድ ብቻውን ብዙ አይሄድም።

ሁለተኛው ሕገ ወጡ አጥማጅ ነው። እሱ ጠፋብኝ ብሎ አይደውልም። ጠባቂ ሲመጣ ገመዱን ቆርጦ ይሄዳል። በሜክሲኮ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ ቫኪታ የተባለችው ትንሿ የዶልፊን ዘመድ አሥር ገደማ ብቻ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው። ቶቶአባ ለሚባል ዓሣ በድብቅ የሚዘረጋ ጊልኔት እሷንም ይይዛል። ጊልኔት ተከልክሏል፣ ቅኝት ተደርጓል፣ መረቦችም በብዛት ወጥተዋል። መረቡ ግን መዘርጋቱን አላቆመም። በ2022 የሜክሲኮ ባሕር ኃይል ሌላ ዘዴ ይዞ መጣ። ቫኪታዎቹ በሚበዙበት ቦታ ረጃጅም የብረት መንጠቆ ያላቸው 193 የኮንክሪት ብሎኮች ወለሉ ላይ አስቀመጠ። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው መረቡን ያጣል፣ መረብ ደግሞ ውድ ነው። በዚያ ቦታ የሚገቡት ጀልባዎች በጣም ቀነሱ። ባለሙያዎች ገና ከመጀመሪያው የጠየቁት ግን ትክክል ነበር፦ ብሎኩ ላይ ተይዞ የቀረው መረብ ማን ያነሳዋል? ለዚህ ነው ብሎኮቹ በሶናር እየተፈተሹ የተያዘባቸው መረብ መውጣት ያለበት። አለበለዚያ መረብ እንዳይገባ የተቀመጠው ነገር ራሱ ባለቤት የሌለው መረብ ያከማቻል።